ታጥቦ የመጣ ቅርጫት

ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ትነሳለች። ጸሎቷን በሹክሹክታ አድርሳ፣ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ጓሮ ይባል እንጂ ጓሮ አይደለም። በወጥ ቤቱ ግድግዳና በጎረቤት አጥር መካከል የተረፈች፣ አንድ ሰው እጆቹን ግራና ቀኝ ቢዘረጋ ሁለቱንም ወገን የሚነካባት ጥበት ናት። ባሏ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ «እዚህ የገባ ካላፈገፈገ አይወጣም፤ መዞሪያ እንኳ የላትም» እያለ ይቀልዳል።

በዚያች ጥበት ግን ያልበቀለ የለም። ግድግዳውን ታኮ ቆስጣ ተሰልፏል። ሾፌሩ ከጋራዥ ባመጣቸው አሮጌ ጎማዎች ውስጥ በሶብላና ናና ይጋፋሉ። በተሰነጠቀው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሰላጣ፣ ከሱ ቀጥሎ ካሮት፣ ከካሮቱ ቀጥሎ ደግሞ ቀይ ሥር። ቲማቲሙ ካጥሩ ላይ በወረደ ክር ተንጠላጥሎ ወደ ላይ ይሳባል። በሩ ጋ በቀለም ቆርቆሮ የተተከሉ አበቦች አሉ፤ የስፌት መኪናዋ በተቀመጠበት መስኮት ሥር ደግሞ አንዲት ጽጌረዳ። ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ የሰው ጨርቅ ላይ አጎንብሳ ዐይኗ ሲፈዝ፣ ቀና ብላ የምታየው ያችን ነው።

ሰው «እጅሽ ለምለም ነው» ሲላት ታፍራለች። «እኔ ምን አደረግሁ? መቆፈር ነው የኔ፤ ማብቀል የባለቤቱ ነው» ትልና ወደ ላይ ትጠቁማለች። ደስታው ግን የራሷ ነበር። ዘሩ አፈሩን በአናቱ ገፍቶ ብቅ ሲል፣ ልክ ወንበር እንዳጣ እንግዳ አንገቱን ሰብሮ ሲቆም፣ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ካሮት ስትነቅል ከመሬት የሚወጣውን ሽታ ትወደዋለች። የበሶብላውን ቅጠል በጣቶቿ አሽታ ወደ ሥራዋ ትገባና ሙሉ ቀን እጇን ታሸታለች። አንዳንዴ ደንበኛ «ይሄ ቀሚስ ምን ምን ይላል?» ይላታል።

ቅዳሜ ጠዋት ግን የሚቆረጠው ለቤት አይደለም። ቆስጣውን፣ ሰላጣውን፣ ናናውን እየቆረጠች እፍኝ እፍኙን ታስራለች። የምታስርበትም ክር የሳምንቱ ሥራ ትራፊ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም የሰፋች ሳምንት አትክልቱ በሰማያዊ ይታሰራል፤ የሙሽራ ልብስ የሰፋች ሳምንት በነጭ። ቋጠሮው ደግሞ ቁልፍ ስትተክል የምትቋጥረው ነው፤ ሁለት ዞሮ በሦስተኛው ወደ ውስጥ የሚገባ። ሳይፈታ ያረጃል እንጂ አይላላም። ከዚያ ሁሉን በቅርጫት ደርድራ፣ ከላይ አንዲት አበባ ጣል አድርጋ ለባሏ ትሰጠዋለች። እሱም ቅርጫቱን ይዞ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ፣ ወደ ታላቅ ወንድሟ ቤት ይሄዳል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ አልታጎለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ የሒሳብ መምህር ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ቀጥ ያለ፣ የማይታጠፍ ስለነበር አባታቸው «ማስመሪያው» ይሉት ነበር። አባትየው በመጨረሻ ሲታመሙ ያስታመመቻቸው እሷ ናት፤ ማስመሪያው በሥራ ምክንያት ሩቅ ከተማ ነበር። ሽማግሌው ሕመሙ ሲጸናባቸው እጇን ይዘው፣ «እንዳትጠሪው፤ እንዲህ ሆኜ እንዲያየኝ አልፈልግም። ትንሽ ሲሻለኝ ትጠሪዋለሽ» አሏት። ያባት ቃል ነውና ጠበቀች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። በአራተኛው አረፉ። ወንድሟ ሲደርስ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰውም ተበትኖ ነበር።

ቢጮህባት ይሻል ነበር። አልጮኸም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴን ለብቻሽ ቀበርሽው። እንግዲህ ለብቻሽ ኑሪ። ደጄን እንዳትረግጪ» አላትና ሄደ። ከዚያ በኋላ ወደዚሁ ከተማ ተዛውሮ፣ ቤት ሠርቶ እዚሁ ሲኖርም አንድ ቀን ዐይኗን አላየም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እሱ ማጭዱንም ሆዱንም ይዞ በሩን ዘጋ።

ሰፊዋ መጀመሪያ ላይ ታመመች። ሐኪም ያላገኘው በሽታ ነበር። የስፌት መኪናዋ አቧራ ጠጣ። ያወጣት ጓሮው ነው፤ ሾፌሩ አንድ ቀን የቆስጣ ችግኝ በጣሳ ይዞ መጥቶ «ይችን ልጅ አሳድጊልኝ» አላት። ሁለት ዓመት አለፈ። ጓሮው እነሱ በልተው ከሚጨርሱት በላይ ሲሰጥ፣ ከመሬት የወጣ ነገር ይዞ የመጣን ሰው ማንም አይመልስም ብላ አሰበችና የመጀመሪያውን ቅርጫት ላከች።

ያን ቀን ሾፌሩ ሲመለስ ቅርጫቱ ባዶ ነበር። ባዶም ብቻ አይደለም፤ ታጥቧል። ውሃው ገና ከሥሩ ይንጠባጠባል።

ሰፊዋ ያችን ጠብታ አየች። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። «አጠበው!» አለች። «አጥቦ ላከው!» ደጋግማ እያለች እንባዋን መቆጣጠር አቃታት።

ይህን ለመረዳት የናታቸውን ቤት ማወቅ ያስፈልጋል። እናታቸው አንድ ሕግ ነበራቸው፤ የሰው ዕቃ ታጥቦ ከተመለሰ ፍቅር ነው፤ እንደ ቆሸሸ ከተመለሰ ኩርፊያ። ከጎረቤት የተጣሉ እንደሆነ ሳህኑን እንደተበላበት ይመልሱታል፤ ጎረቤቲቱም ሳትጠይቅ ይገባታል። ሁለቱ ልጆች ይህን ከጡት ጋር ነው የጠቡት። ሲጣሉ ማስመሪያው እህቱ የጠጣችበትን ብርጭቆ ብቻ ለይቶ ሳያጥብ ይተወዋል። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ብርጭቆዋ መደርደሪያው ላይ ትቆሽሻለች። ከዚያ አንድ ጠዋት ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ተደፍታ ትገኛለች። «ይቅርታ» የሚል ቃል በዚያ ቤት አልተሰማም፤ ብርጭቆ ነበር የሚናገረው።

ስለዚህ ቅርጫቱ ተናገረ። ሰፊዋ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ምን አለህ?» አለችው ባሏን።

ሾፌሩ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ኮፍያውን አወለቀ። «ምን ይላል? ታውቂው የለ፤ ብዙ አያወራም» አላት።

ከዚያ ወዲያ የሰፊዋ ሳምንት በቅዳሜ ዙሪያ ይዞር ጀመር። ቅርጫቱ በመጣ ቁጥር ታጥቦ ይመጣል። እሷም ግልብጥ አድርጋ ታየዋለች፤ አንድ ቀን ከሥሩ ወረቀት ቢጤ ይገኝ እንደሆነ ብላ። ራሷ ልትሄድ ብዙ ጊዜ ቃጥቷት ያውቃል፤ ሾፌሩ ግን «ተይው፤ አታጣድፊው። ፍሬን ሳይዝ የወረደ መኪና መጨረሻው ገደል ነው። ራሱ ይመጣል» ይላታል። እውነት መሰላት። ደግሞስ «ደጄን እንዳትረግጪ» ያለ ሰው አይደል? ቅርጫቱን አጠበ፤ ቀስ እያለ ልቡንም ያጥባል። ችግኝ እየጎተቱ አያሳድጉትም። ትታገሳለች።

አንድ ጊዜ ሾፌሩ «ቀይ ሥር አብዢበት» አላት።

«እሱ ነው ያለህ?» አለችና ሳቀች። «በልጅነቱ እኮ ሽታውን አይችለውም ነበር! ሳህኑን ወደኔ ገፍቶ ነው የሚሸሸው። ሰው ሲያረጅ ምላሱም ይለወጣል ማለት ነው።» የካሮቱን ግማሽ መደብ ነቅላ ቀይ ሥር ዘራችበት። ሲበቅል አንድ አንዱን እየነካች «የጋሼ ነህ» ትለው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ሾፌሩ ቅርጫቱን ይዞ ከወጣ በኋላ፣ ሰፊዋ ዚፕ አለቀባት። ሥራው የመዘምራን ልብስ ነበር፣ ሐምራዊ፤ ለማግስቱ የተቀጠረ። የምትገዛበት ሱቅ ዝግ ሆነባት። ሌላው ሱቅ ያለው ወንድሟ ሰፈር ነው። «ደጁን አልረግጥ፤ መንገዱ የመንግሥት ነው» አለች ለራሷ፣ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ዚፑን ገዝታ ስትመለስ፣ ከፌርማታው አጠገብ አንዲት የጉሊት ነጋዴ አትክልት ዘርግታ ተቀምጣለች። ሰፊዋ ጓሮውን ማልማት ከጀመረች ወዲህ የሰው አትክልት ሳታይ አታልፍም፤ እናት የሌላ ልጅ እንደምታይ። ቆም አለች። አጎነበሰች።

ቆስጣው በሐምራዊ ክር ታስሯል።

አንዱን እስር አነሳችው። ሁለት ዞሮ በሦስተኛው ወደ ውስጥ የገባ ቋጠሮ። ሰላጣውም እንደዚያ፤ ናናውም። ቀይ ሥሩ ከነቅጠሉ ተደርድሮ፣ ጫፉ ላይ ዛሬ ጠዋት እሷ የጣለችው አበባ በውሃ ጣሳ ውስጥ ቆሟል።

«ትኩስ ነው እማማ፣ ዛሬ የተቆረጠ ነው» አለች ጉሊቷ። «እንደሱቁ አይደለም፤ ቋጠሮውን ብቻ ይዩት! ጥርስ ካልሆነ አይፈታም።»

«ከየት ነው የሚመጣልሽ?»

«ደንበኛ አለኝ። አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያመጡልኛል። አሁን ነው ጥለውልኝ የሄዱት። እቤት የሚበላው የለም መሰለኝ።»

«ይሸጡልሻል?»

«ኸረ በነፃ! ሻይ እጋብዛቸዋለሁ፣ በቃ። ምነው እማማ፣ አመመዎት?»

ሰፊዋ እስሩን ጨብጣ አሰበች። የሚበላው የለም። አንድ ሽማግሌ። ማስመሪያው ሽበታም እንደሆነ በሩቅ ሰምታለች። ስለዚህ እሷ የላከችውን በሩ ላይ ይቀበላል፤ ባሏን ይሸኛል፤ ከዚያ አውጥቶ ለመንገድ ይሰጠዋል። ቅርጫቱን ግን ያጥባል። እያሾፈባት ነው? የናታቸውን ሕግ ለማሾፊያ?

ፊቷ ነደደ። በዕድሜዋ ተቆጥታ የማታውቅ ሴት ነበረች፤ ቁጣ እንዴት እንደሚያዝ አታውቅበትም። እግሯ ብቻ ነው ያወቀው። አንድ እስር ቆስጣ እንደያዘች፣ ጉሊቷ «እማማ፣ እማማ!» ስትላት ሳትሰማ፣ ዳገቱን ወጣች።

አረንጓዴ በር መሆኑን ከባሏ ሰምታለች። አንኳኳች። የከፈተችው የወንድሟ ሚስት ናት፤ ጥቁር ለብሳ፣ ከስታ። ሁለቱ ለአምስት ዓመት አልተያዩም ነበር።

«ጋሼን ጥሪልኝ» አለች ሰፊዋ፣ ሰላምታም ሳታቀርብ። «ዛሬ ይሰድበኝ፣ ይምታኝ፣ ግን ፊት ለፊቴ ቆሞ ይንገረኝ። አትክልቴን ላይበላ ለምን ይቀበላል?»

የወንድሟ ሚስት ቆስጣውን አየች፤ ቀና ብላ ፊቷን አየች። «የምን አትክልት?» አለች።

«በየቅዳሜው የምልክላችሁ ነዋ!»

«አንድ ቀን ነው የላክሽው። ሦስት ዓመት ሆነው። እሱንም አልተቀበለም።»

ሰፊዋ በሩን ያዘች።

«ባልሽ ቅርጫት ይዞ መጣ» አለች ሴትየዋ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ምስክር። «እሱ ራሱ ነው ወጥቶ ያነጋገረው። 'ቅርጫቱን መልሰህ ውሰድላት። ራሷ ትምጣ' አለው። ገብቶ ፂሙን ተላጨ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ፤ እኔ ምን እንደሚጠብቅ አውቄ እንዳላወቅሁ ዝም አልኩት። ሁለተኛውም ቅዳሜ ተቀመጠ። ሦስተኛውም። በአራተኛው ወንበሩን አስገባው። 'ማንንም ሁለተኛ አታንሺብኝ' አለኝ።»

«አሁን የት ነው?»

«ካረፈ ዘጠኝ ወሩ ነው።»

መንገድ ላይ የሆነ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሰፊዋ የያዘችውን በር አልለቀቀችም።

«ምነው ሳትጠሩኝ? እትዬ፣ ምነው?»

«ያኔ ጠርተንሽ ነበር እኮ፣ ሳትመጪ ቀረሽ» አለች የወንድሟ ሚስት። በክፋት አልነበረም። ደክሟት ነው። «ግቢና ተቀመጪ» ብትላት ግን ሰፊዋ አልገባችም። ያልገባችበትን ምክንያት ራሷም አታውቀውም። ቆስጣውን ደፉ ላይ አስቀመጠች፣ መልሳ አነሳችው፣ ሄደች።

አውቶቡሱ ውስጥ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ አሰበች። ሴትየዋ ትዋሻለች? ቅርጫቱስ? ማነው የሚያጥበው? ያ ጥያቄ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ወረደ። ከፌርማታቸው እስከ ቤት ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄደችው አታስታውስም።

ሾፌሩ ከሷ ቀድሞ ገብቷል። ቅርጫቱ፣ እንደወትሮው ታጥቦ፣ ግድግዳው ሥር ተደፍቷል። እሱ በጓሮ የውሃውን ጎማ ይዞ ቀይ ሥሩን ያጠጣል፤ አንድ ነገር እያንጎራጎረ።

«የት ጠፋሽ እመቤቴ? ዚፕ ልታመርቺ ሄድሽ እንዴ?» አላት። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ቆስጣ አየ። ክሩን አየ። ውሃው እግሩ ላይ መፍሰስ ጀመረ፣ አልተንቀሳቀሰም።

«ጋሼ ሞቷል» አለችው።

ሾፌሩ ግድግዳውን ተደገፈ። አለማወቁ ከፊቱ ይነበብ ነበር። «መቼ?» አለ።

«አንተ ባለፈው ቅዳሜ 'ሰላም ብሎሻል' ስትለኝ ስምንት ወር ከሃያ ቀን ሆኖት ነበር።»

«እኔ... እኔ ከዚያ ቀን ወዲያ እዚያ በር ደርሼ አላውቅም።»

«ቅርጫቱን የሚያጥበው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የት?»

«ፌርማታው ጋ ቧንቧ አለ። ጉሊቷ አጠገብ።» ከዚያ ቃላቱ ተከታትለው መጡ፣ ፍሬን እንደተበጠሰበት። «የመጀመሪያ ቀን ልነግርሽ ነበር የመጣሁት፤ እግዜር ያውቃል! ሲመልሰኝ ያን ሁሉ አትክልት ተሸክሜ ልመለስብሽ አፈርኩ። ለጉሊቷ ሰጠሁት። ቅርጫቱ የካሮት አፈር ነበረበት፤ አለቅልቄው መጣሁ። እንዲህ ሆነ ልልሽ አፌን ስከፍት፣ አንቺ ጠብታዋን አይተሽ 'አጠበው' ብለሽ አለቀስሽ። ሁለት ዓመት ያልሳቅሽ ሴት ሳቅሽ። በምን አፌ ልንገርሽ? ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ሲደርስ አንቺ እየዘፈንሽ ትኮተኩቻለሽ።»

«ቀይ ሥሩንስ ማን አዘዘው?»

«ጉሊቷ። ገበያ ላይ ይፈለጋል አለችኝ።»

ሰፊዋ መደቡን አየችው። ቅጠሉ ውሃ ጠጥቶ ያብለጨልጫል። የጋሼ ነህ፣ የጋሼ ነህ እያለች አንድ አንዱን የነካችው።

«ሌላም አለ» አለችው። «ሌላም አለ፤ ሁሉን አውጣው። እንዳዘነልኝ ሰው ብቻ አትናገር።»

ሾፌሩ ጎማውን መሬት ላይ ጣለው። ሲናገር አላያትም። «አላስገባኝም» አለ። «ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ፣ ላብ በላብ ሆኜ ደጁ ቆሜ፣ 'ግባ፣ ውሃ ጠጣ' አላለኝም። እንደ ተሸካሚ አቁሞ አናገረኝ። የአማችነት ወግ አይደለም። ነደደኝ። እስቲ ይጠብቅ አልኩ። አንቺን ሁለት ዓመት ሙሉ ነው ያስጠበቀሽ፤ ትንሽ እሱም ይጠብቅ አልኩ። ከዚያ ሳምንት ሳምንትን ወለደ።»

«ጠበቀ» አለች ሰፊዋ። «ሦስት ቅዳሜ ወንበር አውጥቶ ጠበቀ።»

ሾፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

እሷ አላለቀሰችም። የተገለበጠ ጣሳ ስባ ተቀመጠች፤ ቆስጣውን ጭኗ ላይ አደረገች። «ምን ነበር ያለህ?» አለችው። «ቃል በቃል።»

«'ራሷ ትምጣ።'»

«ቆጣ ብሎ?»

«አይደለም።»

«እንዴት ነው ታዲያ? እሱ እንዳለው በለው።»

ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ራሷ ትምጣ» አለ።

«እንደዚህ አይልም። የሱ ድምፅ ወፍራም ነው።»

«ራሷ ትምጣ።»

«ስሜን ጠርቷል?»

«አልጠራም። 'እህቴ' አለ መሰለኝ። አዎ። 'ቅርጫቱን መልሰህ ውሰድላት። እህቴ ራሷ ትምጣ።'»

«ቅድም 'እህቴ' አላልክም።»

«ረስቼው ነው።»

ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። እውነት ይሁን ወይም ለሷ ሲል አሁን የጨመረው፣ ማወቂያ አልነበራትም። ለሦስት ዓመት በደግነት የዋሸ ሰው፣ እውነትም ሲናገር በዚያው አፍ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ወንድሟ የተናገረው የመጨረሻ ቃል በዚህ ሰው አፍ ብቻ ነው ያለው፤ እሱን ካላመነች ምንም የላትም።

«ድገመው» አለችው።

ደገመው። ሦስተኛውን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ መጨረስ አቃተው።

«በቃ» አለች። ተነሳች። ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን አፈር አራገፈች። «ከእንግዲህ ቅዳሜ ቤትህ ዋል።»

«አትክልቱስ?» አላት፣ እንደ ሕፃን።

«አትክልቱ ምን አደረገ? አጠጣው እንጂ፤ ውሃው መንገድ ላይ እየፈሰሰ ነው።»

ወደ ውስጥ ገባች። የመዘምራኑ ልብስ ለነገ የተቀጠረ ነው፤ ሰው በሞተም ቀን ቀጠሮ ቀጠሮ ነው። ዚፑን ከወረቀቱ አወጣች፣ መርፌው ሥር አደረገችው፣ መኪናውን ረገጠች። ሾፌሩ ጎማውን አንስቶ ቆመ። ከመስኮቱ በኩል አጎንብሳ ስትሰፋ ያያታል፤ ቀና ትል እንደሆነ ጠበቀ። እስኪመሽ ቀና አላለችም።